«አብሽሪ፣ ሁሉም ተካቷል»

እስቲ ፍረዱኝ። ባለፈው እሑድ እናቴን ይዤ ሐይቅ ሄጄ ነበር። ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የወልዲያን መንገድ ይዘህ ወሬ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። ከዚህች አጭር መንገድ ከተመለስኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። ንዴቴ ግን አልበርድ አለኝ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጥቷል። እማዬ ደግሞ «ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ሳልሳለም ዓመቱ ሊያልፍ ነው» ስትል ከርማለች። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ ጀልባ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በቴሌግራም አንድ የጉዞ ማስታወቂያ አየሁ። መነሻ ከደሴና ከኮምቦልቻ። ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ የጀልባ ሽርሽር፣ የገዳም ጉብኝት፣ አስጎብኚ። ለአንድ ሰው 1,800 ብር።

ደወልኩ። «ከዚህ ሌላ የምንከፍለው አለ ወይ?» ብዬ በግልጽ ጠየቅኩ። አዘጋጁ «አብሽሪ እህቴ፣ ሁሉም ተካቷል» አለኝ።

አብሽሪ! በእኛ አገር ይህ ቀላል ቃል አይደለም። የታመመ ስንጠይቅ አብሽር እንላለን። የቸገረውን አብሽር እንላለን። ዋስ እንደ መሆን ነው። አምኜ ለአራታችን 7,200 ብር በቴሌብር ላክኩ።

ጠዋት 1 ሰዓት ደሴ ፒያሳ ተገኙ ተባልን። ተገኘን። የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ይሰብራል። እማዬ ጋቢዋን ደርባ ቆማለች። መኪናው የመጣው 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከኮምቦልቻ የመጡት ደግሞ ከእኛ የባሰ ተበሳጭተዋል። ማስታወቂያው «ከኮምቦልቻ መነሻ» ይላል። ማታ ላይ ግን «በራሳችሁ ደሴ ድረስ ኑ» ተብለው ተደወለላቸው። በጨለማ የሐረጎን ዳገት ወጥተው፣ የሚኒባሱን ከኪሳቸው ከፍለው መጡ። ማንም የመለሰላቸው የለም።

ስንጠብቅ የአክስቴ ልጅ አንድ ነገር አጫወተኝ። አምና ከማያሚ ተነስቶ ወደ ባሃማስ በመርከብ ሄዶ ነበር። ክሩዝ የሚሉት፣ ሆቴሉም ምግቡም መርከቡ ውስጥ የሆነ የመዝናኛ ጉዞ ነው። እዚያም ማስታወቂያ ላይ የምታያት ዋጋ የመጨረሻዋ አይደለችም አለኝ። ዋጋዋ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ይጋራል ብላ የተሰላች ናት። ብቻህን ከሆንክ የባዶውን አልጋ ጭምር ልትከፍል ትችላለህ። መስኮት የሌለው ክፍል ይረክሳል፤ በረንዳ ያለው ይወደዳል። የወደብ ክፍያና ቀረጥ አለ። ዋናው የመመገቢያ አዳራሽና ቡፌው ተከፍሎበታል፤ ለየት ያሉት ምግብ ቤቶች ግን ለብቻ ናቸው። ቢራው፣ ለስላሳው፣ ኢንተርኔቱ በአብዛኛው ለብቻ ነው። ጉርሻም አለ። በብዙዎቹ የአሜሪካ መርከቦች ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ራሱ ሂሳብ ላይ ይጫናል።

«እነሱም ያው ናቸው በለኛ» አልኩት።

«አይ እህት ዓለም» አለኝ። «ውዱ ውድ ነው። ግን ካርዴን ከማውጣቴ በፊት ሁሉንም ተጽፎ አንብቤዋለሁ። የቀኑን ሂሳብ በስልኬ አያለሁ። ያልገባኝ ካለ ወርጄ እጠይቃለሁ።» ካሊፎርኒያ ውስጥማ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሻጭ የግዴታ ክፍያዎቹን ማስታወቂያው ዋጋ ውስጥ እንዲጨምር ሕግ ያስገድደዋል።

ሌላም ነገረኝ። መርከቧ ወደብ ላይ ስትቆም ወርደህ ከተማ መጎብኘት ትችላለህ። ጉብኝቱን ከመርከቡ ከገዛህ ይወደዳል። ግን ብትዘገዩ መርከቧ ትጠብቃለች። ከውጭ ከገዛህ ይረክሳል። ብትዘገይ ግን ጥላህ ትሄዳለች፤ ቀጣዩ ወደብ ድረስ በራስህ ገንዘብ ነው የምትደርስባት። ይህም ቀድሞ ይነገርሃል። አውቀህ ትመርጣለህ።

ይህን ልያዝና ወደ እኛው ጉዞ ልመለስ።

ሐይቁ ዳር ደረስን። እውነቴን ነው፣ ውሃው ሲታይ የጠዋቱ ብርድ ከላዬ ተገፈፈ። ልጄ ሮጦ ሄዶ እጁን ነከረ። ጀልባዋ መጣች። ባለ ጀልባው ጨዋ ልጅ ነው፣ ጥፋት የለበትም። «የተከፈለልኝ እስከዚያች ዛፍ ድረስ ሄጄ እንድመለስ ነው» አለን። ዛፏ ድንጋይ ብትወረውር ትደርሳለች። እስከ ገዳሙ ለመሄድ በሰው 250 ብር ጨምሩ ተባለ። አዘጋጁን ዞሬ አየሁት። «የጀልባ ሽርሽር ነው እንጂ ገዳም ድረስ አላልንም» አለኝ። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። በየብስም ወደ ገዳሙ መድረስ ይቻላል፤ መኪናው ግን «ፕሮግራሙ ውስጥ የለም» ተባለ። 1,000 ብር ከፈልኩ።

ከዚያ ልንሳፈር ስንል ላይፍ ጃኬት ለብቻው 50 ብር ነው አሉን። ይህ ነው ያንገበገበኝ። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ይዣለሁ። ዋና የማይችል ሰው ውሃ ላይ ልታወጣ ከሆነ ጃኬቱ የጀልባው አካል ነው። መኪና ስትሳፈር ለፍሬኑ ለብቻ ትከፍላለህ እንዴ? ከኮምቦልቻ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት «ኸረ ይሄማ ሐራም ነው!» ብለው ጮኹ። ልክ ናቸው። አንዳንዱ ሰው 50 ብር ላለመክፈል ያለ ጃኬት ተሳፈረ። አንድ ነገር ቢደርስ ማን ሊጠየቅ ነው?

እኔ ቦርሳዬን ስፈትሽ እማዬ የመሀረቧን ጫፍ ፈታች። 200 ብር አወጣች። ያቺ ብር የመባ ናት። ከስንት ጊዜ ጀምራ ቋጥራ ያስቀመጠቻት፣ ለእስጢፋኖስ የተሳለቻት ናት። «እማዬ ተዪ፣ እኔ እከፍላለሁ» አልኳት። «ልጁ ውሃ ላይ ሊወጣ ነው፣ ዝም በይ» አለችኝና ሰጠች። ስጽፈው አሁንም ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ገዳሙ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሌላ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው። ሴት አትገባም። የቆየ ሥርዓት ነው፣ ከእናቶቻችን ተቀብለን የምናከብረው ነው፤ በሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እማዬም ታውቃለች። የመጣችው ውጭ ሆና ልትሳለም ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከ22 ተጓዥ ከግማሽ በላይ ሴቶች ነን። «የገዳም ጉብኝት» ተብሎ ከእያንዳንዳችን እኩል ተከፍሏል። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ልጅ ሥርዓቱን የሰማችው እዚያው ደርሳ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ማስታወቂያው ላይ አንዲት መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል?

ለሚገቡት ወንዶችም መግቢያ እንደገና 200፣ 200 ብር ተጠየቀ። ለአክስቴ ልጅና ለልጄ 400 ብር ከፈልኩ። ለገዳሙ የሚገባ ስለሆነ ብሩ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ «ተካቷል» መባሉ ነው።

አስጎብኚ የተባለው ልጅ ስልኩን ይነካካል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን እንዴት እንዳጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ መጥተው መማራቸውን አንዱንም አላነሳም። ያስጎበኘችን እማዬ ናት። ዛፍ ሥር ተቀምጠን የሐይቁን ተረት ነገረችን። ድሮ እዚህ ምድር ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ተበደለች። ፈጣሪ ተቆጣና ዙሪያውን ውሃ አደረገው። እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ገዳሙ ያለበት እሱ ነው ይባላል። የአዲስ አበባዋ ልጅም ተጠግታ ሰማች። ከጉዞው ሁሉ የተጠቀምነው ያችን ሰዓት ነው። ለእሷ ማንም አላስከፈለንም።

ምሳ ዓሣ ነው ተብለናል። ቀረበ። ለሁለት ሰው አንድ ዓሣ። ውሃ የለውም፣ ለስላሳ የለውም። ልጄ አልጠገበም። ሁለት ዓሣ ጥብስ ጨመርኩ። ሜኑው 400 ብር ይላል። ሂሳብ ሲመጣ አንዱ 506 ሆኗል። 10 ከመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በላዩ 15 ከመቶ ቫት። ከሜኑው ግርጌ በጉንዳን ጽሕፈት ተጽፏል፤ እማዬ መነጽሯን አድርጋም አላነበበችውም። ከመጠጡ ጋር 1,400 ብር ወጣ። ቫት ይከፈል፣ የመንግሥት ነው። ግን በላተኛ ሁሉ የሚከፍለው ከሆነ ለምን 506 ብለህ አትጽፈውም?

ስለ ሰርቪስ ቻርጅ ዝም ማለት አልችልም። ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ሁለት ዓመት አስተናግዳለች። በየሂሳቡ ላይ 10 ከመቶ ይቆረጣል። እንግዳው ለአስተናጋጇ የሰጠ ይመስለዋል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ምንም ሳይተው ይነሳል። እህቴ ከዚያ 10 ከመቶ አንድም ቀን ሳንቲም አልደረሳትም። የወር ደመወዟ የቤት ኪራይ አይሸፍንም ነበር። ሌሊት ወደ ቤት የምትገባበት የባጃጅ ብር ከጉርሻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እኔ ሁሌም ጉርሻ እሰጣለሁ፤ በእጇ፣ ዓይኗን እያየሁ። ያን ቀንም ለአስተናጋጇ ሰጥቻለሁ፤ እሱን ሂሳብ ውስጥ አላስገባም።

ጉርሻ ከልብ ሲሆን ነው ጉርሻ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ አዘጋጁ ተነስቶ «ለሹፌራችን 100፣ 100 ብር፣ ለአስጎብኚያችን በቤተሰብ 200 ብር» እያለ ሰበሰበ። በሰው ፊት ነው። እማዬ እንዳታፍር ብዬ 600 ብር ሰጠሁ። ሌላውም እንደዚያው። ፒያሳ ስንወርድ ሹፌሩን «ደረሰህ ወይ?» አልኩት። መሬት መሬት አየ። አልመለሰልኝም።

ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። ከ7,200ው በላይ 3,600 ብር ወጥቷል። የከፈልኩትን ግማሽ እንደገና ከፍያለሁ። በሰው 2,700 ብር ማለት ነው። ከመጀመሪያው 2,700 ብትለኝ እኮ ምናልባት እሺ እል ነበር። ወይ ደግሞ አቅሜን አይቼ በሕዝብ ሚኒባስ እሄድ ነበር። የነጠቅከኝ ብሩን ብቻ አይደለም፣ መምረጤንም ነው። ውሃ ዳር ቆሜ፣ ልጄ ጀልባ ጀልባ እያለ፣ እናቴ እያየችኝ፣ እንዴት አድርጌ «አልከፍልም» እላለሁ? ይህን አውቆ ነው እዚያ ድረስ ወስዶ የሚጠይቀው።

ለአዘጋጁ ደወልኩለት። «ገበያው እንደዚህ ነው፣ ሁሉም የሚሠራው ነው» አለኝ። ሁሉም አይሠራውም። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ መለጠፍ እንዳለበት፣ ደረሰኝ መስጠትም እንዳለበት የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይላል። ደረሰኝ ጠየቅኩት። ስልኩን ዘጋ።

እናንተ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ በስልክ ቃል አትመኑ። ጻፉለት፣ ጽፎ ይመልስ። «ተካቷል» ካለ ምን ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ይዘርዝር። ጀልባው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ የት ድረስ ነው፣ መመለሻውንስ ይጨምራል፣ ላይፍ ጃኬቱ አለበት ወይ? እናት፣ እህት ይዛችሁ ከሆነ ገዳሙ ሴት ያስገባ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምሳው ለስንት ሰው ስንት ሰሃን ነው? ሜኑ ሲመጣ ከማዘዛችሁ በፊት «ቫት አለበት ወይ?» በሉ፤ አያሳፍርም። ጉርሻ ልትሰጡ ካሰባችሁ ለሰውየው በእጁ ስጡት። ብሩን ሁሉ ቀድማችሁ አትላኩ፣ ግማሹ ስትመለሱ ይሁን። የጻፈላችሁን ደግሞ ፎቶ አንሱና አስቀምጡት።

የአክስቴ ልጅ ነገ ይሄዳል። እኔና እማዬ ለጥቅምት 17፣ ለእስጢፋኖስ፣ ተመልሰን እንሄዳለን። በሕዝብ ሚኒባስ፣ ከመናኸሪያ። ታሪፉን ጠይቄያለሁ። ከሐይቅ ከተማ እስከ ውሃው በባጃጅ ስንት እንደሆነም አውቄያለሁ። ለእማዬ መሀረብ ጫፍ ላይ 200 ብር መልሼ ቋጥሬላታለሁ።