ቅርስ ያገኘ ሰው ለምን ይደነግጣል?

አክሱም ውስጥ ለቤቱ መሠረት የሚያስቆፍር ሰው ዶማው ከተጠረበ ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ምን ይሰማዋል? ደስታ ቢሆን በወደድሁ። እኔ የምጠረጥረው ግን ቀድሞ የሚመጣበት ድንጋጤ ነው። ተበድሮ ሲሚንቶና ብረት ገዝቷል፤ ግንበኞቹ የቀን ሒሳባቸውን ይጠብቃሉ፤ ክረምቱም ደጅ ላይ ነው። ካመለከተ ሥራው ይቆማል፤ እስከ መቼ እንደሚቆም እርግጡን የሚነግረው አያገኝም። አፈሩን መልሶ ቢያለብሰው ደግሞ ያየ የለም።

ሕጉ አይከፋም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቤት ግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ያዛል፤ ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠውም ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ሥራ የሚጀምረው ግን ድንጋዩ ከተመታ በኋላ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ኢስታንቡል ይህን በውድ ዋጋ ተምራለች። በባሕር ሥር አልፎ ሁለቱን አህጉራት ለሚያገናኘው ባቡር የኒካፒ በተባለው ሰፈር ጣቢያ ሲቆፈር፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የጥንቱ የቴዎዶስዮስ ወደብ ብቅ አለ። ከጭቃው ውስጥ 37 መርከቦች ወጡ። አንዷ ገንቦዎቿን እንደ ጫነች የሰመጠች ናት፤ ከመርከበኛው ዕቃ መካከል ቼሪ የተባለውን ትንሽ ቀይ ፍራፍሬ የያዘ ቅርጫት ተገኝቷል። የፍራፍሬው ሥጋ ጠፍቶ ዘሩ ብቻ ቀርቷል፤ ቼሪ የሚበስልበት ጊዜ ስለሚታወቅ በዚያ ባለሙያዎቹ መርከቧ የሰመጠችበትን ወቅት እስከ መገመት ደረሱ። ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት እርጥብ መሬት ላይ የተራመዱ ሰዎች ዱካ ጠበቃቸው። ሥራው በዓመታት ዘገየ፤ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትርም ለሸክላ ስብርባሪ ተብሎ ፕሮጀክቱ እንደ ተጓተተ በአደባባይ አማረሩ። ባቡሩ በ2013 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሰው በባቡሩ ይሄዳል፤ መርከቦቹም አሉ። የማሽኑ አካፋ ያለ ጥያቄ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ግን ያንን የቼሪ ቅርጫት ማንም መልሶ ሊሠራው አይችልም ነበር።

እኛስ? አክሱም ውስጥ ታእካ ማርያም የተባለ ታላቅ ቤተ መንግሥት ነበር። በ1906 እ.ኤ.አ. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን ፍርስራሹን ለክቶ ንድፉን በወረቀት አስቀረ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ የጣሊያን ወራሪ በላዩ ላይ መንገድ ቀደደበት። ስለዚያ ቤተ መንግሥት ዛሬ የምናውቀውን አብዛኛውን የምናውቀው ከወረቀቱ ነው። ባዕድ አፈረሰው ብሎ ማዘን ቀላል ነው። የምፈራው በገዛ እጃችን፣ በአንድ ጊዜ አንድ የቤት መሠረት እየቆፈርን የምናጠፋውን ነው፤ ለዚያ ንድፍ የሚያነሳለት የለምና።

የምንመካበትም አለን። የንጉሥ ኢዛናን ድል በግሪክኛ፣ በሳባና በግዕዝ ፊደል የሚናገረውን ድንጋይ ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። ድንጋዩ የሚያነሳውን የሚረግም ቃል ተቀርጾበታል፤ ከስፍራው ሳይነሳ ጎጆ ተሠራለት፤ አሁንም እዚያው ነው።

መሬትን ሳይቆፍሩ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ መሣሪያም አለ። የአክሱም ሐውልት ከሮም ተመልሶ ከመተከሉ በፊት የዩኔስኮ ባለሙያዎች ቦታውን በእንዲህ ያለ መንገድ መርምረው ከመሬት በታች የመቃብር ክፍሎች መኖራቸውን ደርሰውበታል። ለሐውልቱ የተደረገው ለአንድ ቀበሌ መንገድ፣ ለአንድ ሆቴል፣ ለአንድ የፍሳሽ መስመር ለምን አይደረግም? በአክሱም፣ በጎንደርና በሐረር የግንባታ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት መሬቱ ይፈተሽ። የመንግሥት ሥራ ሲሆን ለፍተሻው የሚሆን ገንዘብና ቀን ከተቋራጩ ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ፤ ያኔ ፎርማኑ ድንጋይ ሲያይ የመዘግየት ቅጣት አያስበውም።

ለዚያ መሠረት ለሚያስቆፍረው ሰው ደግሞ ቀን ይቆረጥለት። ባመለከተ በሳምንቱ ባለሙያ ከጉድጓዱ አፍ ይገኝ፤ በወሩ ወይ ቀጥል ወይ ምትክ ቦታ ውሰድ ይባል፤ ደርቆ የተበላሸው ሲሚንቶና ሥራ የፈቱት ግንበኞች ሒሳብም ይከፈለው።