ጣና ዳር ላርፍ መጥቼ ደሜ ፈላ

ስልኬ ሳይዘጋ ልተንፍስ። መብራት ከሄደ ቆይቷል።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። አውቃለሁ። ሥርዓቱን አከብራለሁ፣ ከገዳሙ ጋር ምንም ጸብ የለኝም። ለዚህም ነው ገና ወደቡ ላይ ደላላው "ሦስት ገዳም በአንድ ዋጋ" ሲለን "ሴት የሚገባበት ነው?" ብዬ በገዛ አፌ የጠየቅኩት። "አታስቢ እህቴ፣ ሁሉም ይገባል" አለ። ብሩን ተቀብሎ እልም።

ጀልባዋ ክብራን ደርሳ ቆመች። ወንዶቹ ወረዱ። እኔና የወንድሜ ሚስት ቁጭ።

"እኛስ?" አልኩት ባለጀልባውን።

"እናንተማ እዚሁ ነፋስ ተቀበሉ።"

"ታዲያ ለምን እኩል አስከፈላችሁን?"

"የተነጋገርሽው ከደላላው ጋር ነው። ሴት እንደማይገባ ደግሞ ሕፃን ልጅም ያውቃል።"

"ጠይቄያለሁ እኮ!"

ሰውዬው በአገጩ ወዲያ ማዶ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሽማግሌ አሳየኝ። "ካልተመቸሽ በዚያ ተመለሺ።"

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። ሴቶች! አብረውኝ የተበሉ! አሁን አልጋ ላይ ሆኜ መዓት መልስ እየመጣልኝ ነው፣ አንዱ ካንዱ የሚያቃጥል። ያኔ ግን ምን አልኩ? "እሺ።"

ወንድሜ ደግሞ ተመልሶ "ውስጡ እንዴት ያምራል መሰለሽ" አይለኝም?

ከዚያ ዘጌ። የመግቢያው ለብቻ፣ የአስጎብኚው ለብቻ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደሱ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእን አየሁት። ያን ሁሉ ሰው በልቶ እንኳ ለተጠማ ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ ነው የዳነው። የኛው ባለጀልባ የታሸገ ውሃ በእጥፍ ሸጠልን።

የውሃ ነገር ከተነሳ፣ ከመስኮቴ ጣና ይታየኛል። 3,000 ኪሎ ሜትር ካሬ የሚያህል ሐይቅ! ቧንቧዬ ግን ሲያፏጭ ነው ያደረው። ለእንግዳ መቀበያው ብደውል አንድ ባልዲ ተላከልኝ፣ ግማሹ ደረጃ ላይ ፈሶ። መብራቱም ያው። ከዚሁ ሐይቅ ውሃ የሚስበው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ነው አቅሙ፣ እኔ ሻማ ግዙልኝ እላለሁ።

የጢስ አባይን ፏፏቴም ያሳሳው ይኸው ጣና በለስ ነው። ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል የወረደችውን ቀጭን ውሃ እያየን "ክረምት ብትመጡ ኖሮ" አለን አስጎብኚው። ክረምት መጥተን እናውቃለን እኮ! ጭቃው መኪናችንን ይዞ አለቅ ብሎ፣ ያኔ ደግሞ "መስከረም ብትመጡ" ተባልን። መቼ ነው ሰው በሰዓቱ የሚመጣው?

ደግሞ ያቺ ታርጋ። "አአ" የሚለውን ያየ ሁሉ ዋጋ ይጨምራል። መኪና ጠባቂው፣ ሎሚ ሻጯ፣ ጎማ የነፋልን ልጅ ሳይቀር። እንዴ፣ አዲስ አበባ ብር ከዛፍ ይሸመጠጣል ያላቸው ማነው?

ከተማዋን፣ ባሕር ዳርን ግን አልማም። ዘንባባው ጥላ ሥር በእግር መሄድ፣ ማታ ሐይቁ ዳር ዓሳ ጥብስ፣ ነፍስ ነው። ይኼ ነው የሚያበግነኝም። እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጬ የማስበው ስለዚያ ሰውዬ አገጭ ነው።

ወንድሜ "ዘና በይ፣ ለዕረፍት እኮ ነው የመጣነው" ይለኛል። እሱ ምን አለበት፣ ገዳሙን አይቷል። ነገ በጠዋት ወደ ጎንደር እንነሳ ብሏል። ቤንዚን ከተገኘ። ማደያው ጋ ስናልፍ ባጃጆቹ ከአሁኑ ለነገ ተሰልፈዋል።