ሽማግሌ የበላው ሦስት ወር

ጀርመን አገር መጋዘን ውስጥ አራት ዓመት ከሠራሁ በኋላ የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አለቃዬ ዘንድ ማንን ልላክ?» የሚል ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ጀርመናዊ ግን ደብዳቤውን ተቀብሎ ቀኑን አየ። «ሦስት ሳምንት አለህ» አለኝ።

እዚህ በ3 ሳምንት ውስጥ ለሥራ ፍርድ ቤት ክስ ካላስገባህ ስንብቱ እንደጸና ይቆጠራል። ከሰስኩ። የመጀመሪያው ቀጠሮ የእርቅ ነው፤ ዳኛዋ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ካልተስማማን ሌላ ቀን ሁለት ሰዎች ይጨመሩላታል፣ አንዱ ከአሠሪ ወገን፣ አንዱ ከሠራተኛ ወገን። እሷ ግን እዚያ እንድንደርስ የፈለገች አልመሰለኝም። የድርጅቱን ጠበቃ «በዚህ ማስረጃ ያሸንፋሉ?» አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ተመልሰው ቢገቡስ ደስ ብሎዎት ይሠራሉ?» ጋቢ ቀረባት እንጂ ሽማግሌ ናት! በተለመደው ስሌት፣ ለአንድ የሥራ ዓመት የግማሽ ወር ደመወዝ ታስቦ፣ በሁለት ወር ደመወዝ ተለያየን። በር ላይ አለቃዬ እጄን ጨበጠኝ። እኔ ዕድሜ ልኩን የሚቀየመኝ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ከሥራ ተባረረ። ኅዳር ላይ ነው። ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ። የድርጅቱ ባለቤት ክፉ አልመለሰላቸውም፣ ቡና ጋብዞ «እስቲ ገና ይለፍ» አላቸው። ገና አለፈ፣ ጥምቀት መጣ። ጥምቀት ሲያልፍ ሰውየው ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሄደ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ መላክ ቀኑን አያቆመውም። የሚቆጨኝ ሕጉ ለጋስ መሆኑ ነው። ከጀርመኑ የተሻለ ጊዜ ይሰጣል፣ ሠራተኛው የዳኝነት አይከፍልም፣ የሥራ ክርክር ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል። (በተግባር ይደርሳል ወይ ሌላ ጨዋታ ነው።)

«ለምን አልከሰስክም?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ! አባዬ ሲሞት የድንኳኑን ወጪ ማን የቻለ ይመስልሃል?»

ዝም አልኩ። የእኔ አለቃ እንኳን ድንኳን ሊያስተክል፣ አባት ይኑረኝ አይኑረኝም አያውቅም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል መካሰሱ የቀለለን። አገር ቤት አሠሪህ ለቀስተኛህም ነው፣ ስለዚህ ክስ ማስገባት ደም እንደመቃባት ይታያል። እናቱ ደግሞ «ከስሶ ማን ይቀጥረዋል?» ትላለች። አልተሳሳተችም፣ የሙያ ሰፈሩ ጠባብ ነው።

ያልተከፈለው የትርፍ ሰዓት ሥራ ክፍያ ግን አለ። ለእሱ የሚፈቀደው 6 ወር ነው፣ ገና አላለቀም። በየሳምንቱ እየደወልኩ እጨቀጭቀዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ምን አለኝ? «እማዬ ፋሲካ ይለፍ ብላለች።»