የኮሌስትሮል ውጤት ላይ አንድ መስመር ይጨመርልን

ጎንደር ውስጥ ቡና ላይ ግፊትና ስኳር ከተነሱ ኮሌስትሮልም መነሳቱ አይቀርም። ሰሞኑን ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች «የቅንጣት ምርመራ አድርጉ» ማለት ጀምረዋል።

ምክሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። የተለመደው ምርመራ ኤልዲኤል (መጥፎው የሚባለው) ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ይለካል፤ ኮሌስትሮሉን ተሸክመው በደም ውስጥ የሚዞሩትን ቅንጣቶች አይቆጥርም። ከአዘዞ ፒያሳ የሚመጣው ሰው በአንድ አውቶቡስም በ20 ባጃጅም ሊመጣ ይችላል። ሰው ያው ነው፤ መንገዱን የሚያጨናንቀው ግን ባጃጁ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ የሚሰነቀረውም ቅንጣቱ ነው። እያንዳንዱ ጎጂ ቅንጣት አፖ ቢ የሚባል አንድ ፕሮቲን ስለሚይዝ፣ አፖ ቢን መለካት ቅንጣቱን እንደ መቁጠር ነው። ስኳር ያለበት፣ ቦርጭ ያወጣ፣ ትራይግሊሰራይዱ (ሌላው የደም ስብ) ከፍ ያለ ሰው ኤልዲኤሉ ደህና መስሎ ቅንጣቱ ሊበዛ ይችላል።

ግን ደም ሩቅ ለማስላክ ከመሯሯጣችን በፊት የያዝነውን ወረቀት እናንብብ። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ኤችዲኤልን (ጥሩ የሚባለውን) ቀንሱ። የሚቀረው ጎጂዎቹ ቅንጣቶች ሁሉ የተሸከሙት ነው። ጠቅላላው 200፣ ኤችዲኤሉ 35፣ ትራይግሊሰራይዱ 250 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ ሰው በተለመደው ስሌት ኤልዲኤሉ 115 ይወጣል። «ብዙም አይደል» ተብሎ ይሸኛል። ቅነሳው ግን 165 ነው! የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የ2019 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ይህ ቁጥር መካከለኛ የልብና የደም ሥር በሽታ ስጋት ላለበት ሰው ከ130 በታች፣ ከፍተኛ ስጋት ላለበት ከ100 በታች ይሁን ይላል።

ታዲያ ላብራቶሪው ራሱ ቀንሶ ለምን አይጽፍልንም? ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) አይፈልግ፣ ማሽን አይፈልግ፣ ዶላር አይፈልግ። እኔ ያየኋቸው ወረቀቶች ላይ የለም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ በዚህ ብትቀድም ያምርባታል።

በነገራችን ላይ «ጾመኛ ነኝ፣ ቅቤ አይነካኝም» የሚል ሰው ወጡ የሚሠራበትን ዘይት ይጠይቅ። ያ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህል ስቡ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ነው። የኑግ ዘይት በዚህ በኩል በጣም ይሻላል።

አፖ ቢ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ስኳር ወይም ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ ያለበት ሰው ምርመራው ከተገኘ ሐኪሙን ይጠይቅ። ግፊቱን ሳይለካ፣ ሲጋራውን ሳይተው ስለ ቅንጣት የሚያወራውን ግን አልገባኝም። ለሕዝቡም ለራሱም ቢሆን መጀመሪያ ክንዱን ለግፊት መለኪያው ይስጥ።