በገዛ ግቢህ ብትቆፍርም ውሃው የብቻህ አይደለም

አምና ሰፈራችን አንድ ሰውዬ የጉድጓድ ማሽን ግቢው አስገብቶ ስንት ቀን ሲያስጮህብን ከረመና መጨረሻ ላይ ውሃው ፊን ብሎ ሲወጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጨበጨበ፣ እኔም እውነቱን ለመናገር ቀናሁ፣ እኛ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው ያውም ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተህ ጀሪካን ከደረደርክ። አንዱ ጎረቤት "ይበለው፣ በገዛ ግቢው በገዛ ብሩ" አለ። እኔ ታዲያ እዚች "በገዛ ግቢው" የምትለዋ ላይ ነው ጥያቄ ያለኝ።

ግቢው የሱ ነው፣ ካርታ አለው። ከስር ያለው ውሃ ግን በኔም በጎረቤቴም ቤት ስር ሰርጎ ነው እሱ ጋ የደረሰው። ፓምፑ ሲስብ ዙሪያው ያለው ውሃ ይወርዳል፣ ውሃው የተገናኘ ከሆነ ደሞ መጀመሪያ የምትደርቀው በእጅ የተቆፈረችው የደሃ ጉድጓድ ናት። ይሄ የኔ ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ፣ አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፣ ለቤት የሚውለው ከሌላው ሁሉ ይቀድማል ይላል፣ በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አልጠየቀም። ወረቀቱ ላይ ችግር የለብንም።

ሐሮማያን አስታውሱ። ሐይቁ ሐረርን፣ አወዳይን፣ ራሷን ሐሮማያን ያጠጣ ነበር። ዙሪያው ያለው ገበሬ ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ይስባል፣ ከተሞቹ ይስባሉ፣ ከተራቆተው ተራራ ደለል ይገባል፣ በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ክፉ ሰው ተነስቶ አላደረቀውም እኮ፣ ሁሉም የየድርሻውን ነው የሳበው። ከዛስ? ገበሬው እዛው የደረቀው ሐይቅ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ከስር መሳቡን ቀጠለ፣ ሐረር ደግሞ ድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ጉድጓድ ተቆፍሮላት ውሃው በፓምፕ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ድሬዳዋ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ አስቡት ያን ሁሉ ዳገት። መብራት ከጠፋ ውሃም ጠፋ ማለት ነው። ሐይቁ አሁን ባለፉት ጥቂት ዓመታት ተመልሶ ውሃ ይዟል፣ ደስ ይላል፣ ግን በመሃል ስንት ዓመት ሰው በጀሪካን እየገዛ ኖረ።

የሚገርመኝ ስለ አባይ ያልዘፈነና ያልተከራከረ የለም፣ አብዛኛው ሕዝባችን የሚጠጣው ግን ከጉድጓድና ከምንጭ ነው። ስለማይታይ መሰለኝ።

አዲስ አበቤም ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ብቻ የሚጠጣ ይመስለዋል። ትልቁ ድርሻ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው፣ በተለይ ከአቃቂ። አቃቂ ደግሞ የት ነው? ከከተማዋ ግርጌ! የፋብሪካው ፍሳሽ፣ የጋራዡ ዘይት፣ የመንደሩ ቆሻሻ በወንዞቹ ተጠራርጎ ወደዛው ነው የሚወርደው። ሽንት ቤት ስታስቆፍር ግንበኛው ምን ይልሃል፣ "ታቹን ሲሚንቶ አታስመታው፣ እየሰረገ ይሄድልሃል፣ መጣጭ መኪና ሳትጠራ ዓመታት ትኖራለህ"። የት ነው የሚሄድልኝ ብሎ የጠየቀ አላየሁም፣ እኔም ቤቴን ስሠራ አልጠየቅኩም። ድሬዳዋ ከሞላ ጎደል ሙሉ ለሙሉ በጉድጓድ ውሃ የምትኖር ከተማ ናት፣ እዛ ከሽንት ቤት የሚሰርገው ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ጉድጓዶቹ ውስጥ ሲገኝ ቆይቷል። ናይትሬት ደግሞ ብታፈላውም አይጠፋም፣ ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው። ወንዝ ቢቆሽሽ ክረምት ሲመጣ ያጥበዋል፣ ከስር ያለውን ማን ያጥበዋል?

አትቆፍሩ እያልኩ አይደለም፣ በሳምንት አንዴ ውሃ እየመጣ እንዲህ ብዬ ማን ይሰማኛል፣ ሆስፒታሉም ሆቴሉም ምን ያድርግ። ግን በማሽን የተቆፈረ ጉድጓድ ሁሉ ቆጣሪ ይግባለት፣ ጥልቀቱ ይመዝገብ፣ ብዙ የሳበ ብዙ ይክፈል፣ መኪና ማጠቢያና ኮንስትራክሽን ሳይት በንጹህ የመጠጥ ውሃ አፈር ሲያረጥብ ዝም አይባል። አቃቂ ጉድጓዶቹ ዙሪያ ደሞ ማደያና ፋብሪካ ማቆም የማይታሰብ መሆን አለበት።

ባለፈው ሰውዬውን "ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው?" አልኩት። "እኔ ምን አውቄ፣ ቆፋሪዎቹ ናቸው የሚያውቁት" አለኝ፣ ቀና ሰው ነው፣ ሰፈሩንም ያስቀዳል። ከሱ ዝቅ ብሎ አንድ እትዬ የምንላቸው እናት ግቢ የድሮ የእጅ ጉድጓድ አለ፣ ዘንድሮ ባልዲው ውሃ አልነካ ብሏቸው ገመዱ ላይ ሁለት ክንድ ቀጥለውበታል። በሱ ምክንያት ነው ልል አልችልም፣ ዝናቡ አንሶ ሊሆን ይችላል። የለካ ሰው የለም።