ሁለቱንም እጅ

ዘንድሮ ለእህቴ ልጅ ሠርግ ከቶሮንቶ ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መጋላ ያለው ግቢያችን በሴቶች ሞላ፤ ሂና የምትቀባውም ከሐረር መጣች። የሙሽሪትን እግር አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈችና ተረከዙን እንደ አራስ ልጅ ጭንቅላት በግራ እጇ ደግፋ በቀኟ ትስል ጀመር። ተራው ለእኔ ሲደርስ ክንዴን ያዝ አደረገችና "አቦ፣ እጅሽን ልቀቂው እንጂ!" አለችኝ። መወጠሬን ያወቅኩት ያኔ ነው። ከክርኔ እስከ አንጓዬ በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ሁለት ሦስቴ ዳበሰችኝ። እጄ ተፈታ።

በኋላ እንዳነበብኩት፣ ጠጉር በሚበቅልበት ቆዳችን ውስጥ ለዝግ ያለ ዳበሳ የሚነቁ ነርቮች አሉ። በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሚጓዝ፣ የሰው እጅ ሙቀት ያለው ንክኪ ነው ይበልጥ የሚቀሰቅሳቸው። እናቴ "እንሶስላ ሞቅን" እንጂ "ተቀባን" አትልም ነበር። ቃሉን ልብ ያልኩት ገና አሁን ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ከተቀቡ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። ቀለሙ ቆዳ ውስጥ እስኪገባ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ሲነሳ ብርቱካንማ ይሆንና በአንድ ሁለት ቀን ወደ ቡናማ ይደምቃል። እስኪደርቅ ድረስ እጅሽ የአንቺ አይደለም። ሙሽሪት አፍንጫዋን ሲበላት አክስቷ አከከችላት፣ ሻሿ ሲንሸራተት ሌላዋ አሰረችላት። ምሳም ቀረበ። አጠገቤ የተቀመጠችው የአጎቴ ልጅ ከእናቴ ቀብር ጀምሮ አኩርፋኝ ነበር። ሁለት እጄን ዘርግቼ መቀመጤን አይታ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፣ ደገመችኝ። ስለ ኩርፊያው አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ቶሮንቶም ሂና አለ። ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ጓንት ያጠለቀች ልጅ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና፣ ቅርጽ የተቆረጠበት ወረቀት ለጥፋ በ10 ደቂቃ ትጨርሳለች። ደንበኛዋ የምትሰጣት አንድ እጇን ነው፤ ሌላው ስልክ ይዟል። ቀለሙ ያው ቀለም ነው፣ የሚያጎርስ ግን አያስፈልግም። ልጅቷን አልወቅሳትም። ከመንካቷ በፊት "ይቻላል?" ብላ ትጠይቃለች፤ ይሄን ከእሷ ብንማር እወዳለሁ። እዚያው ግቢያችን አንዲት ሕፃን እያለቀሰች እጇ ተይዞ ስትቀባ አይቼ አዝኛለሁ።

ሌላም ያስፈራኝ ነገር አለ። ቶሎ እንዲጠቁር ብለው ሂናው ላይ ጥቁር የጸጉር ቀለም የሚደባልቁ አሉ። እዚያ ውስጥ ያለው ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለ ኬሚካል ቆዳን ሊያቆስል ይችላል፤ የሚያስከትለው አለርጂም ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። በካናዳ ቆዳ ላይ መቀባቱ አይፈቀድም። እህቶቼ፣ ንጹሕ ሂና በደቂቃዎች ጥቁር አይሆንም፤ ቶሎ የሚጠቁር ካቀረቡላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የሐረሯ ሴትዮ ቅጠሉን ማታ ራሷ በጥብጣ ያሳደረችው ነበር፤ ቀለሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየደመቀ እንጂ እየደበዘዘ አልሄደም።

ከተመለስኩ በኋላ የልጄን እጆች ቤት ውስጥ እቀባላት ጀመር። "አንዱ ይበቃኛል" ብላ ነበር፤ ስለምናት ግን ሁለቱንም ሰጠችኝ። ስልኳ ሲጮኽ አንስቼ ጆሮዋ ላይ እይዝላታለሁ።