የሙዚቃ ቤት ከሰፈር ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ካዛንቺስ በ2017 በኮሪደር ልማት ሲፈርስ የአዝማሪ ቤቶቹም ከመኖሪያ ቤቶቹ ጋር አብረው ሄዱ፤ ፈንዲቃም አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ሙዚቀኛ “የት እንጫወት?” ይላል፣ ነዋሪው ደግሞ “የትም ይሁን፣ እኛ ደጃፍ ብቻ አይሁን” ይላል። ሁለት ሰዎች በጽሑፍ እንዲሟገቱ ጠየቅን። አንዷ ከቤታቸው ሥር ባር ያለባቸው መምህርት ናቸው፤ ሌላው በየባሩ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ወጣት ነው።

መምህርቷ፦ ይውጣ

ቤቴ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ከስሬ ያለው ንግድ ቤት መጀመሪያ የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጥበት ነበር። ቀጥሎ ግሮሰሪ ሆነ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ከሐሙስ እስከ እሑድ “ላይቭ ባንድ” አለው። ባንድ ሲባል አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ቤዝ ጊታርና እየተፈራረቁ የሚዘፍኑ ሁለት ልጆች ናቸው። ቤዙ በመጣ ቁጥር ቡፌዬ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። መሃል መሃላቸው ጨርቅ ወሸቅሁ። ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ፣ የቡፌው መስታወት ግን ቀጠለ። ሌሊት ሰዓት ማየት ትቻለሁ፦ ትዝታ ከተጀመረ ስድስት ሰዓት ነው፣ ጉራግኛው ከመጣ ስምንት ሊሆን ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ስድሳ ተማሪ ፊት እቆማለሁ።

ሙዚቃ አልጠላም። “ሰፈር ነው ሙዚቃችንን ያሳደገው” የሚባለውን ግን አልቀበልም። ወርቃማው ዘመን እያላችሁ የምታወሱት የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራን፣ የፖሊስ ኦርኬስትራንና ብሔራዊ ቴአትርን ነው። ከዚያ ኢቤክስ ባንድ ራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ባንድ ሂልተን ይጫወቱ ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር የገባው ሰው በር ተቆልፎበት እስኪነጋ ይጨፍር ነበር። ሁሉም ግን አዳራሽና ሆቴል ውስጥ እንጂ የሰው መኝታ ቤት ሥር አልነበረም። ሕጉም ቢሆን አለ፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው የድምፅ መጠን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ከስሬ ያለውን የለካው ሰው እንዳለ አላውቅም።

ቤዝ ተጫዋቹ፦ ይቆይ

መምህር፣ ይቅርታ በመጠየቅ ልጀምር። የርስዎን ባይሆንም የሌላ ሰው ብርጭቆ እያንቀጠቀጥኩ ነው የምኖረው።

ስለ ሆቴሎቹ የጻፉት እውነት ነው፤ አንድ ነገር ግን ዘለሉ። ያን ጊዜ ባንድ በአንድ ሆቴል ይቀጠርና ወር ከወር እዚያው ይሠራል። ኢቤክስም በኋላ ሮሃ ባንድ ተብሎ ቀጥሏል። ዛሬ እኔን ሆቴል ሲጠራኝ ለእራት ማጀቢያ ነው። አንድ ጊዜ ሁለተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ አስተናጋጅ መጥቶ “እንግዶቹ መደማመጥ አልቻሉም፣ ቀስ በሉ” አለን። ቀስ አልን። ማንም ቀና ብሎ ሳያየን ሦስት ሰዓት ተጫውተን ወረድን። ደህና የሆቴል መድረክ የለም ማለቴ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ጊዮን ሆቴል ውስጥ አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅን አቋቁመዋል። ጣይቱ ሆቴል ውስጥም ጃዝአምባ ነበር፤ በጥር 2007 እሳት በላው። ግን የከተማው ሙዚቀኛ ሁሉ በእንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ቤቶች ብቻ ሠርቶ ያድራል?

አዝማሪ ቤትን ደግሞ እንየው። ማሲንቆ አንድ ጅማት ነው፣ ያውም የፈረስ ጭራ። አዝማሪው ወንበሮቹ መሃል እየዞረ አንዱ ጋ ይቆማል፤ ሰውየው “ተቀበል!” ብሎ ግጥሙን ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ለጎረቤት ጠረጴዛ ያቀብላል፤ እዚያ ያለው ይስቃል ወይም ይቆጣል፣ ከዚያ ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል። ይህን ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ አድርገው ያሳዩኝ! “ተቀበል” ያለውን ሰው ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የሚሰማው የለም። ጠባቡ ክፍል የሙያው አካል ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ፈንዲቃን ከመያዙ በፊት እዚያው ቤት ለሽልማት ይጨፍር ነበር። ለሽልማት እየጨፈሩ የሚጀመርበት ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል የለም።

“ወደ ከተማው ዳር ውጡ” የሚሉም አሉ፤ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ። አንድ ሰሞን ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ሠርቻለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጊታሬን አዝዬ አስፋልት ዳር ቆሜ የጠራሁት መኪና ዋጋ የዕለት ክፍያዬን ከግማሽ በላይ ወሰደው። በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት።

መምህርቷ፦

ልጄ፣ አንተ ልበልህ፣ በዕድሜም እበልጥሃለሁ። በአዝማሪው ረትተኸኛል። ልጅ እያለሁ ከቤታችን ኋላ አዝማሪ ቤት ነበር። በጭቃ ግድግዳ አልፎ የሚመጣው የማሲንቆ ድምፅ አያስተኛም አይባልም፤ እንዲያውም እሱን እየሰማሁ ነበር የምተኛው። አባቴ ብቻ ግጥሙ ባለጌ ሲሆን ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር፣ እንዳንሰማ።

ግን አየህ ምን እንዳደረግህ? ስለ ግሮሰሪው ስጠይቅህ በፈንዲቃ መለስክልኝ። ከስሬ ያለው ቤት በሁለት ዓመት አንድ ቀን “ተቀበል” ሲባልበት አልሰማሁም። የሚቀርበው በኪቦርድ ውስጥ የተቀረጸ ከበሮ ላይ የታወቀ ዘፈን መድገም ነው። ማሲንቆ መብራት አይፈልግም። የእናንተ ባንድ ግን መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሣል፣ ያኔማ ሁለት ባንድ ይሆናል። የካዛንቺሱን ሐዘን ለየኮንዶሚኒየሙ ግሮሰሪ መከላከያ አታድርገው። አዝማሪ ቤት ሲነሣ የምጮኸው እኔም ነኝ።

ቤዝ ተጫዋቹ፦

እሺ መምህር፣ እዚህ ላይ ያዙኝ። ስለ ድምፁ ግን ከውስጥ ሆኜ የማየውን ልንገርዎ። የርስዎን እንቅልፍ የሚወስደው ዘፋኙ አይደለም። የድምፁ ቀጭን ቀጭኑ በግድግዳ ይቀራል፤ ወፍራሙ፣ የኔ የቤዙ፣ ብሎኬቱንም ወለሉንም ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። በተለይ ስፒከሩ ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ሲደረግና ከግድግዳው ሲርቅ ብዙ ይለወጣል። ይህን ለባለቤቶቹ ስንቴ ተናግሬአለሁ! መልሳቸው አንድ ነው፦ “ጎረቤት ያለው ባር በር ላይ አውጥቶታል፣ እኔ ብቀንስ ማን ይገባልኛል?” ሁለተኛው ስፒከር በር ላይ የሚቆመው ለመንገደኛው ነው። ለውስጡ ሰው አይደለም፣ ለእኛም አይደለም። እኛማ በዚያ ጩኸት ጆሯችን እየሄደ ነው።

ስለዚህ ቤቱ ከሚወጣ ስፒከሩ ከበር ይግባ። ቤዙም ከስድስት ሰዓት በኋላ ይውረድ፤ ይህን የምለው ቤዝ ተጫዋቹ ነኝ፣ ይመዝገብልኝ። 45 ዴሲቤል ግን ሙዚቃ ቤቱን ብቻ የሚመለከት አይመስለኝም፣ በሌሊት በድምፅ ማጉያ የሚጮኸው እኛ ብቻ አይደለንም።

መምህርቷ፦

ነገሩን ወደ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ እንዳትወስደው፤ ወዴት እንደምትሄድ ገብቶኛል። ይቅርብህ።

ጎማውን ተቀብያለሁ፣ የበሩን ስፒከርም። ቤቱ በዚህ ከተስማማ ይቆይ ልል ምንም አልቀረኝም፤ የቀረኝ ማን ያስፈጽመዋል የሚለው ነው። አምና አቤቱታዬን ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ነበር። ተቀብለው መዘገቡኝ፣ በትሕትናም አነጋገሩኝ። ባለሙያ ልከው ያዩትም ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ግሮሰሪው ውስጥ ሁለት ሰው ቡና ይጠጣል፣ ሬዲዮ እንኳ አልተከፈተም። “ችግር አላየንም” ተብሎ ተጻፈ። ቢሮው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ባንዱ የሚጀምረው ምሽት አራት ሰዓት።

ቤዝ ተጫዋቹ፦

ሐሙስ ዕረፍት ነኝ። አድራሻውን ከአዘጋጆቹ ወስጄ ልምጣ፤ ባለቤቱን እኔ ላነጋግረው። ከጎረቤት ይልቅ ሙዚቀኛ ቢነግረው ይሰማ ይሆናል። ጎማውንም ይዤ እመጣለሁ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ይበቃል።

መምህርቷ፦

ና። ግን ከአራት ሰዓት በኋላ ና፣ መጀመሪያ ፎቅ ውጣና ስማው።